በጋራ መኖሪያ ሕንፃ የውሻ አያያዝ ደንብ እንዴት ይወጣል?

ስለ ውሻ የሚወጡ ብዙ የመኖሪያ ሕንፃ ደንቦች «ማንኛውም ነዋሪ ውሻው ጎረቤቱን እንዳይረብሽ መጠንቀቅ አለበት» ብለው ይጀምራሉ፤ የሚያልቁትም እዚያው ላይ ነው። መረበሽ ማለት ለአንዱ የሌሊት ጩኸት፣ ለሌላው ደረጃ ላይ ከውሻ ጋር መገናኘት ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ጠብ ሲነሣ ለማንም አይፈርድም። ስለዚህ የአርቃቂው ቀዳሚ ሥራ እያንዳንዱን ቅሬታ በዐይን ወደሚታይ፣ በጆሮ ወደሚሰማ ወይም ወደሚቆጠር ድርጊት መለወጥ ነው።

ከማርቀቅ በፊት የማኅበሩ መተዳደሪያና የአገሩ ሕግ የሚፈቅዱት ይታይ። በብዙ አገሮች ለምሳሌ ዐይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች የሕግ ጥበቃ ስላላቸው በኮሚቴ ውሳኔ ሊታገዱ አይችሉም። ቀጥሎ ውሻ ያላቸውም ውሻ የሚፈሩትም ነዋሪዎች ይጠየቁ። «ውሾቹ መረን ለቀዋል» የሚል ሰው ቢመጣ የትኛው ውሻ፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገር። ሲጣራ ነገሩ ሁሉ የአንድ በር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ደረጃውን ሲወርዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ይከፈትና፣ ባለቤቱ ገመዱን ሳይዝ ውሻው ፈትለክ ብሎ ይወጣል። ለዚህ የሚበቃው «ውሻ በር ከመከፈቱ በፊት በገመድ ይታሰራል» የሚል አንድ መስመር ነው።

በስብሰባ ላይ ቶሎ ጭብጨባ የሚያገኘው ሐሳብ አንዳንድ ዝርያዎችን ወይም ግዙፍ ውሾችን መከልከል ነው፤ እኔ አልመክረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመና ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት በዝርያ የሚብራራው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በዚያ ላይ የድቅል ውሻን ዝርያ በዐይን ገምቶ መፍረድ ማለቂያ የሌለው ክርክር ያመጣል። ይልቁንስ ሰው የነከሰ ወይም ሰው ላይ የዘለለ ውሻ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ አፉ ሳይሸፈን ወደ ጋራ ቦታ እንዳይወጣ ይደንገግ። ገመዱ በመተላለፊያና በደረጃ ላይ ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ፣ የሚይዘውም ውሻውን ለመግታት አቅም ያለው ሰው እንዲሆን መጻፍ ይበቃል። ሊፍት ውስጥ ሰው ካለ ባለ ውሻው ፈቃድ ይጠይቅ፤ አለዚያ ቀጣዩን ይጠብቅ።

ዓይነ ምድርን በተመለከተ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ከደንቡ እንዳይቀር። ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር የሚወጡት የወስፋት ትል እንቁላሎች በወጡበት ዕለት ሰውን አይበክሉም፤ ለዚህ የሚደርሱት አፈር ላይ ሳምንታት ከቆዩ በኋላ ነው፤ ከደረሱ ደግሞ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በዕለቱ የተነሣ ዓይነ ምድር ይህን አደጋ ይዞ ይሄዳል፤ ዝናብ አጥቦ የወሰደው የሚመስለው ግን አፈሩን በክሎ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ሕፃናት የሚጫወቱበት አሸዋ ውሻ በገመድም ቢሆን የማይገባበት ይሁን። ማኅበሩም በበኩሉ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ያስቀምጥ፤ መጣያ ሳያዘጋጁ መቅጣት የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው የሚመስለው።

ጩኸት ከሁሉም ይከብዳል። ለጉባኤው መነሻ የሚሆን ቀመር ልጥቀስ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ውሻ ደንብ እንደ ጣሰ ይቆጠራል። ቅሬታ አቅራቢው ቀኑን፣ ጩኸቱ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት ይጻፍ፤ ቢቻል በስልኩ ይቅረጸው። ብዙ ውሾች ቀን ላይ የሚጮኹት ብቻቸውን ሲቀሩ ስለሆነ ባለቤቱ ከቶ ላይሰማው ይችላል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ደብዳቤ ክስ ሳይሆን መረጃ መስጫ ይሁን፤ ባለቤቱም ከመውጣቱ በፊት ውሻውን እንዲያንሸራሽርና ወደ መተላለፊያው የሚያሳየውን መስኮት እንዲጋርድ ይመከር።

ሰውን ለሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ በአብዛኛው መነሻው ውሻ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ባለቤት ጊዜው ያላለፈ የክትባት ምስክር ወረቀት ቅጂ ለኮሚቴው ያስገባ። ንክሻ ሲደርስ የሚደረገውም በደንቡ ይጻፍ፦ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ተጎጂው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ ውሻው ደግሞ ለ10 ቀናት ተዘግቶበት በእንስሳት ሐኪም ክትትል ይቆያል። በነከሰበት ጊዜ በምራቁ ቫይረሱ የነበረበት ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ስለዚህ ባለቤቱ ውሻውን መደበቅም፣ ለሌላ ሰው መስጠትም፣ በንዴት መግደልም ይከለከል።

ቅጣቱ በጽሑፍ ማሳሰቢያ ጀምሮ፣ ማረሚያ ጊዜ ሰጥቶ፣ መጠኑ አስቀድሞ ወደታወቀ መቀጮ ይሂድ፤ ንክሻ ግን ደረጃ ሳይጠብቅ በቀጥታ ለጉባኤው ይቅረብ።

አርቃቂዎች የሚረሱት ሁሉም የሚመግበውን፣ ማንም የእኔ ነው የማይለውን የግቢ ውሻ ነው። ለእርሱም ክትባቱን የሚያስከትብ፣ ንክሻ ቢደርስም ተጠያቂ የሚሆን አንድ ሰው በስም ተመድቦ ፊርማውን ያኑር።