ስለ አስገድዶ መድፈር ሕጉ ራሱ ምን ይላል? ከየትስ ነው የምናነበው?

በቀደም አንዲት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ገጠር ያለችውን የእህቷን ልጅ፣ ገና 15 ዓመቷ ነው፣ ጠልፈው ወስደዋት ደፍረዋታል፣ አሁን ሽማግሌ ተልኮ "ያገባታል፣ በዚህ ይለቅ" ተብሏል፣ እሷ ደግሞ ቲክቶክ ላይ "ካገባት ክሱ ይቀራል" የሚል ቪዲዮ አይታ እውነት ነው ወይ ልትለኝ ነው የመጣችው። እዛው ስልኳ ላይ የወንጀል ሕጉን ፒዲኤፍ አወረድንና አንቀጽ 587ን አነበብኩላት። ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከወንጀል ተጠያቂነት አይድንም ይላል። "እስቲ ድገሚልኝ" አለችኝ። ደገምኩላት።

ያ ቪዲዮ ወሬውን ከየት አመጣው ካላችሁ ከአሮጌው ሕግ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ላይ እውነትም ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፣ ግን እሱ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ ተሽሯል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ይሄ ሰውዬ የሚያወራው ስለየትኛው ሕግ ነው?" ነው፣ የአንቀጽ ቁጥር የማይጠራ ሰው ከሆነ ለሌላ ሰው አትላኩት።

አሁን የሚሰራው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996። ጎግል ላይ ስትፈልጉ እንግሊዝኛው 2004 ስለሚል ብዙ ሰው ሁለት የተለያየ ሕግ ይመስለዋል፣ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የአቆጣጠሩ ነው። ደግሞ እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትፍሩ፣ በአዋጅ 3/1987 መሠረት ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ካልተስማሙ የሚጸናው አማርኛው ነው። ፋይሉ ውስጥ "ጾታዊ ጥቃት" ብላችሁ ሰርች ብታደርጉ የምትፈልጉትን ላታገኙ ትችላላችሁ፣ "አስገድዶ መድፈር" ወይም "ግብረ ሥጋ" በሉ፣ ወይም በቀጥታ ከአንቀጽ 620 ጀምሩ።

620 ዋናው ነው። ኃይል ወይም ብርቱ ዛቻ ተጠቅሞ፣ ወይ ራሷን እንድትስት አድርጎ፣ ወይ መከላከል እንዳትችል አድርጎ ሴት የደፈረ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ንዑስ አንቀጾቹን ግን እንዳትዘሏቸው፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን አንብቦ ይዘጋዋል። ልጅቷ ከ13 እስከ 18 ከሆነች፣ ወይም በሱ ቁጥጥር ስር ያለች ከሆነች፣ ወይም በቡድን ከተፈጸመ እስከ 20 ዓመት ይሄዳል፣ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ። "ፈቅዳ ነው" የሚሉት ነገር ደግሞ ልጅ ላይ አይሰራም! ኃይል ባይኖርም 626 ከ13 እስከ 18 ላሉ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ 627 ደግሞ 13 ላልሞላቸው ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ወንድ ልጅ በወንድ ሲደፈር አንቀጹ 631 ነው፣ ይሄን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። 620 "ከጋብቻ ውጭ" ይላል። ባል ሚስቱን ሲያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይያዝም ማለት ነው። ቢያንስ ድብደባና ጉዳት ካለ 564 ላይ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት ስላለ እሱን አንብቡት።

ሽምግልናን በተመለከተ፣ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። ቤተሰብ ታረቀ ብሎ መዝገቡ አይዘጋም፣ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ማግባት ራሱ በ648 ወንጀል መሆኑንም ለሽማግሌዎቹ ንገሯቸው፣ እኛ ነግረናቸዋል።

ከሕጉ በፊት ግን ሰዓቱ ይቀድማል፣ እባካችሁ። ኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ገላ አትታጠብ፣ ልብሷን ማንም እንዳያጥበው፣ እናት ደንግጣ መጀመሪያ የምታደርገው ማጠብ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ልብሱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውንም ፖሊሱንም አንድ ቦታ የምታገኙበት ማዕከል አለ፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ ቅርብ ወዳለ የመንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። ጊዜው አልፎ ማስረጃ የለንም ብላችሁም አትቅሩ፣ የሐኪም ወረቀት አንዱ ማስረጃ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ካረገዘች ደግሞ 551 ከመድፈር የመጣ ጽንስ ማቋረጥን አያስቀጣም፣ 552 ላይ ደግሞ የሴትየዋ ቃል ብቻውን በቂ ነው ተብሏል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ የሚል ካለ አንቀጹን አሳዩት።

አንቀጹን አንብባችሁ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚተረጉመው ማወቅ ከፈለጋችሁ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር (የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ወጥተዋል፣ ኦንላይንም ይገኛሉ፣ የሰበር የሕግ ትርጉም የስር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነጻ ያማክራል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሟን፣ ፎቶዋን፣ ሰፈሯን ጽፋችሁ "ምን ይሻላል" እንዳትሉ ብቻ፣ ከወጣ አይመለስም።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የልደት ካርድ ካለ ያዙ፣ ከሌለ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት፣ ምክንያቱም 13 እና 18 የሚባሉት ቁጥሮች ቅጣቱን ይቀይሩታል። ቃል ከሰጣችሁ በኋላ ይነበብልኝ በሉ፣ ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስም ደብተር ላይ ጻፉ። ጎረቤቴ ልጅቷ ትማርበት የነበረው ደብተር የመጨረሻው ገጽ ላይ ነው የጻፈችው።