ወዛም ፊት ያላችሁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ግንባርና አፍንጫው የማያብለጨልጭ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው ቢባልም እዚያም ወዛም ፊት ሞልቷል። ወዙን የሚያመነጩት በቆዳ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዕጢዎች በዋናነት የሚታዘዙት በሆርሞን ስለሆነ ሙቀት ያባብሰዋል እንጂ ከምንም ተነሥቶ አይፈጥረውም። ልጆች ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ድንገት ፊታቸው የሚወዛውም ለዚህ ነው።

የምሠራው ጸጉር ቤት ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ ብዙ ግንባር በቅርብ አያለሁ። ወዙ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቃል። ፊት የሚበላሸው ወዙን ለማጥፋት በሚደረገው ትግል ነው። በተለይ የእኛ ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ብጉሩ በሳምንት ይጠፋል፣ ጥቁረቱ ግን ለወራት ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች በዚህ ዓይን እዩልኝ።

በልብስ ሳሙና መፈተግ

ፊቱ የወዛ ሰው የልብስ ሳሙና ያነሳና ቆዳው እስኪወጠር ድረስ ይፈትገዋል። ሲወጠርበት «አሁን ጠራ» ይላል። የቆዳችን ላይኛው ገጽ በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች በሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ደግሞ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ያንን በቀን አራት አምስት ጊዜ ስታሹበት የቆዳው መከላከያ ይሳሳል፣ እርጥበቱ ይተናል፣ ፊት ይቆጠቁጣል፣ አፍ አካባቢም ይላላጣል። ዕጢዎቹ ግን መታጠባችሁን አያውቁም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወዙ ይመለሳል። እንዲህ ነው አንድ ፊት በአንድ ጊዜ ወዛምም የተላላጠም የሚሆነው።

ጧትና ማታ፣ በተጨማሪም በጣም ካላባችሁ በኋላ መታጠብ ይበቃል። ሽታ የሌለው ለስላሳ የፊት ማጠቢያ መግዛት ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ካልተቻለ የገላ ሳሙናውን ማታ ብቻ ተጠቀሙና ጧት በንጹሕ ውሃ ታጠቡ። ለብ ያለ ውሃ፣ የጣት ጫፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ ነው። ሻካራ መታሻና አሸዋ አሸዋ የሚል ስክራብ ለብጉራም ፊት ጠላት ነው።

ነጠላዋንም ላንሳ። ገበያ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ላባችንን የምንጠርገው በነጠላችን ጫፍ ነው። ያቺ ጫፍ የልጅ አፍንጫ ጠርጋለች፣ በርበሬ የነካ ጣት አድርቃለች፣ አቧራ ላይ ተጎትታለች። ሶፍት ያዙ፤ ፊታችሁ ላይ ጫን አድርጋችሁ ወዙን አስመጥጡት እንጂ አትፈትጉት።

ቅቤው ግንባር ላይ ሲወርድ

ይህን በጸጉር ቤት ዓይን ስለማየው ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። በጎጃም ቅቤ የሌለው ጸጉር ጸጉር አይባልም። ሹሩባው ይሠራል፣ ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል፣ ሻሽ ይታሰራል። ፀሐይ ሲያገኘው ቅቤው ይቀልጥና በጆሮ ግንድና በግንባር ቁልቁል ይወርዳል፤ ሻሹ ደግሞ እዚያው ግንባር ላይ ያቆየዋል። ይህ ሲደጋገም ልክ ጸጉሩ ከሚጀምርበት በታች አንድ መጠን ያላቸው ጥቃቅን እብጠቶች ይደረደራሉ። ከሩቅ አይታዩም፤ ጣት ሲያልፍባቸው ግን እንደ ጤፍ ፍሬ ይሻክራሉ። ብዙዎች «ሙቀት ነው» ይሏቸዋል። ቅባቱ የጸጉር መውጫ ቀዳዳዎችን ሲደፍን የሚመጣ የብጉር ዓይነት ነው፤ የቆዳ ሐኪሞችም በደንብ ያውቁታል። ከሱቅ የሚገዛ የጸጉር ቅባትና የኮኮናት ዘይትም ያው ነው።

ቅቤውን እርም በሉ አልልም። ጸጉር መጀመሪያ ላይ ሁለት ጣት ያህል ትታችሁ ወደ ኋላ ተቀቡ፤ መጠኑንም ቀንሱ። እናት ስትቀባ «እማዬ፣ ከግንባሬ ራቅ አድርጊልኝ» ማለት ነውር የለውም። ሻሹንና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ እጠቡ፤ ቅቤ የጠጣ ትራስ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ጉንጭ ሲታሽ ያድራል። ጸጉር ስትታጠቡ ራሳችሁን ወደ ኋላ ጣል አድርጉ፣ ፊታችሁን በመጨረሻ ታጠቡ። እብጠቶቹ በሁለተኛው ቀን አይጠፉም፤ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈልጋሉ።

ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ነጭ ሽንኩርት

ሎሚ ፒኤቹ 2 አካባቢ ስለሆነ ያቃጥላል። በዚያ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ሊያቆስልና ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ፊት ላይ ሲታሰር የእውነት ቃጠሎ ያደርሳል። የጥርስ ሳሙና ብጉሩን ያደረቀ ይመስላል፣ ዙሪያውን ግን ያቆጣዋል። ሦስቱንም ተዉአቸው። ብጉር በጥፍር ማፍረጥም እንዲሁ ጠባሳ ይተዋል።

«ወዛም ስለሆንኩ ክሬም አያስፈልገኝም» ማለት

ወዝና እርጥበት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቆዳ ውሃ አጥሮት ወዛም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የብጉር መድኃኒት የሚቀባ ሰው ፊቱ ይደርቃል። በሌላ በኩል ከጮቄ ተራራ የሚነፍሰው ብርድ ፊታቸውን ሲያደርቀው ቫዝሊን የሚለቀልቁ አሉ። ቫዝሊን ራሱ ብጉር ባያመጣ እንኳ ወዛም ፊት ላይ ከብዶ ይቀመጣል፣ አቧራም ይሰበስባል። እሱን ለከንፈርና ለተረከዝ አድርጉት። ለፊት ጄል መሰል ወይም ቀለል ያለ ሎሽን፣ ማሸጊያው ላይ «ኦይል ፍሪ» (ዘይት የሌለው) ወይም «ኖን ኮሜዶጄኒክ» (ቀዳዳ የማይደፍን) የሚል ይሻላል።

ፀሐዩን መናቅ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ነፋሱ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፤ የብጉር ጥቁር ምልክትንም ያጠቁረዋል። ወዛሞች የፀሐይ መከላከያ የሚሸሹት ስለሚያጣብቅ ነው፤ ጄል ወይም ውሃማ የሆነውን፣ ኤስፒኤፍ (ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅም ቁጥር) 30ና ከዚያ በላይ ምረጡ፣ ውጪ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። ዋጋው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ከረፋዱ አራት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጃንጥላ መያዝና ሰፊ ባርኔጣ ማድረግም ትልቅ ነገር ነው።

ጓደኛ የሰጠቻችሁን ቱቦ መቀባት

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንዲት ልጅ ብጉር ይወጣባታል፤ ጓደኛዋ «እኔን በሦስት ቀን ነው ያጠራልኝ» ብላ ትንሽ ቱቦ ታቀብላታለች። ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ተብሎ ተጽፏል። ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ የመድኃኒት ዓይነት። ሐኪም ለችፌና ለመሳሰለው ለተወሰነ ጊዜ ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ክሎቤታሶል ግን እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት ስለሆነ ለፊት አይመከርም፣ ለብጉርም አልተሠራም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅላቱ ይበርዳል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ፊቱ ፈካ ይላል። ልጅቱ ደስ ይላታል፣ ለእህቷም ትነግራለች። ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፣ ጉንጭ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጸጉር ይበቅላል፣ አንድ መልክ ያላቸው ብጉሮች ይፈላሉ። ስታቆመው ፊቷ ይቃጠላል፣ ብጉሩ ገንፍሎ ይወጣል። «ስተወው ነው የባሰብኝ» ብላ እንደገና ትቀባዋለች። ከዚህ አዙሪት ለብቻ መውጣት ከባድ ነው። ለወራት የቀባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እንዴት እንደሚቆም እሱ ያውቃል።

ስም በሌለው ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጥ የፊት ማቅያ ክሬምም እንዲሁ ነው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ፣ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ምንነቱ ያልተጻፈበትን ነገር ፊታችሁ ላይ አታድርጉ።

በሁለት ሳምንት ተስፋ መቁረጥ

ለብጉር በትክክል የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ሳሊሲሊክ አሲድ እስከ 2 በመቶ የተደፈነ ቀዳዳ ይከፍታል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በ2.5 በመቶ ይጀመራል፤ ከፍ ያለው መጠን በአብዛኛው የሚጨምረው ማቃጠሉን ነው። ይህኛው ቀለም ስለሚያነጣ ጥለት ያለው ነጠላችሁን አርቁት። አዳፓሊን 0.1 በመቶ ማታ ማታ የሚቀባ ነው፤ ነፍሰ ጡሮች አይጠቀሙትም። አንዱን ብቻ መርጣችሁ በጥቂቱ፣ በመጀመሪያ አንድ ቀን እያለፋችሁ ቀቡ። ውጤቱ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። ብዙ ሰው ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ደራርቦ ፊቱን ያቃጥልና መድኃኒቱን ይወቅሳል።

በምግብ በኩል፣ የበላችሁት ቅቤ በቀጥታ በፊት አይወጣም። ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ማብዛት፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ወተትም፣ ከብጉር ጋር የተያያዘበት ጥናት አለ። ሻዩ ላይ ስኳር ቀንሳችሁ ብታዩ አይጎዳችሁም።

ብጉሩ ጠልቆ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ፣ ወይም ሴት ሆናችሁ የወር አበባ እየተዛባ አገጭ ላይ ጸጉር እየበዛ ከሆነ ነገሩ የሆርሞን ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ፣ የጸጉር ቅባቱም ሳይቀር፣ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን ብትረሱት እንኳ ከማሸጊያው ያነበዋል።