የኮኮናት ውሀ ለረጅም ሩጫ፦ ጨው ሳትጨምሩበት ይዛችሁት አትውጡ

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ማሪን ኮርፕስ ማራቶንን ለመሮጥ የምትዘጋጁ፣ እዚህ ዲሲ ሜሪላንድ ቨርጂኒያ ያላችሁ ልጆች፣ ይሄን በተለይ ለናንተ ነው የምጽፈው። ረጃጅሞቹ ልምምዶች የሚመጡት ጁላይና ኦገስት ላይ ነው፣ የዚህ አገር አየር ደግሞ ያን ጊዜ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን እርጥበቱ ነው የሚገድለው፣ ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፣ በዛ ላይ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ማለትም ከኦገስት 7 እስከ 21 እዛው መሀል ላይ ይገባል። ስለዚህ የሚጾም ሯጭ ወተት የለውም፣ ከወተት የሚሰራው ዌይ ፕሮቲን የለውም፣ ሱፐርማርኬት ሲገባ የኮኮናት ውሀ ያያል፣ የጾም ነው፣ ፓኬቱ ላይ ኤሌክትሮላይት (እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት) ይላል፣ ገዝቶ ይወጣል።

እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው። ባለፈው ሰመር ማውንት ቨርነን ትሬይል ላይ 30 ኪሎሜትር ልሮጥ ስወጣ የያዝኩት የኮኮናት ውሀ ብቻ ነበር፣ መንገድ ላይ የውሀ ቧንቧ ባገኘሁ ቁጥር ደግሞ ቆሜ ውሀ እጠጣ ነበር። 25ኛው ኪሎሜትር አካባቢ ሆዴ ተነፋ፣ ራሴን አመመኝ፣ ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልንቀሳቀስ አለ። የጠማኝ መስሎኝ ጨምሬ ጠጣሁ፣ ባሰብኝ። ቤት ገብቼ ፓኬቱን ገልብጬ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ያን ሁሉ ፈሳሽ ስጠጣ ጨው የሚባል ነገር አላገኘሁም ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላብ በብዛት የምናጣው ሶዲየም ነው፣ ያው ከጨው የምናገኘው ማዕድን ማለት ነው። ከሰው ሰው በጣም ቢለያይም በአንድ ሊትር ላብ ከ400 እስከ 1,200 ሚሊግራም ሶዲየም የሚያጡ ብዙ ናቸው፣ ከዛ በላይ የሚያጡም አሉ። ፖታሲየም ግን በሊትር 200 ሚሊግራም አካባቢ ቢወጣ ነው። የኮኮናት ውሀ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፣ አንድ ኩባያው ማለትም 240 ሚሊ ከ400 እስከ 600 ሚሊግራም ፖታሲየም አለው፣ ሶዲየሙ ግን ብዙዎቹ የታሸጉት ላይ ከ100 አይደርስም። ከደም ጋር አንድ አይነት ነው የሚባለውንም አትመኑ፣ በአንድ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ሶዲየም 140 ሚሊሞል (የመጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፣ ፖታሲየም 4 አካባቢ፣ የኮኮናት ውሀ ግን ፖታሲየሙ ብቻውን ከ40 ያልፋል።

ይሄን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፣ ግን ቀላል ነገርም አይደለም። በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነው የተገኘው፣ ዋናው ምክንያት ደግሞ እየሮጡ ከሚያልባቸው በላይ መጠጣታቸው ነበር። ጨው የሌለው ፈሳሽ በብዛት ስትጠጡ ያለው ጨው ይቀጥናል፣ ሲብስ ሰው ግራ ይጋባል፣ ሊወድቅ ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ሩጫ ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጣት እብጠት አብረው ከመጡባችሁ መጠጣታችሁን አቁሙ፣ ሩጫውንም አቁሙ፣ ግራ መጋባት ከተጨመረበት ግን አምቡላንስ ይጠራ።

አሁን አሰራሩ። ግማሽ ሊትር የኮኮናት ውሀ፣ ግማሽ ሊትር ተራ ውሀ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በቃ። ጨዉ ብቻውን 600 ሚሊግራም የሚጠጋ ሶዲየም ይሰጣችኋል፣ ስኳሩ ከኮኮናቱ ጋር ተደምሮ በሊትር 45 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት ይሆናል፣ ለሆድም አይከብድም። ጨዉ ደቃቁ የገበታ ጨው ይሁን፣ ኮሸር የሚባለው ፍሬው ትልቅ ስለሆነ በማንኪያ ስትለኩት ክብደቱ ያንሳል። ስትገዙ ደግሞ ስኳር ያልተጨመረበትን ምረጡ፣ የኮኮናት ወተትን ከውሀው ጋር እንዳታምታቱት፣ ወተቱ ቅባት ነው ሩጫ ላይ አይሆንም። ስትቀምሱት ትንሽ ጨው ጨው ማለት አለበት፣ ከሩጫ በፊት ደስ አይልም፣ 20 ኪሎሜትር ላይ ግን በጣም ነው የሚጥመው።

ምን ያህል ልጠጣ ለሚለው ሚዛን ያስፈልጋችኋል። ከሩጫ በፊት ሽንት ቤት ገብታችሁ ልብስ ሳትለብሱ ተመዘኑ፣ አንድ ሰዓት ሩጡ፣ ላባችሁን ጠርጋችሁ እንደገና ተመዘኑ። የቀነሰው አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ያህል ላብ ነው፣ እየሮጣችሁ የጠጣችሁትን ደምሩበት፣ የሰዓት ላባችሁ እሱ ነው። በሰዓት የምትጠጡት ከዛ እንዳይበልጥ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከክብደታችሁ 2 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ሞክሩ። ኦገስት ላይ የለካችሁት ለኦክቶበር አይሰራም፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ላቡ ይቀንሳል፣ እንደገና ለኩ። ጥቁር ቲሸርታችሁ ወይ ኮፍያችሁ ላይ ሲደርቅ ነጭ ምልክት የሚወጣባችሁ ከሆነ ጨዋማ ላብ አላችሁ ማለት ነው፣ ጨዉን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ከአንድ ሰዓት በታች ለሚሆን ሩጫ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ውሀ ይበቃል። ከ90 ደቂቃ ካለፈ ግን በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋችኋል፣ ይሄ መጠጥ ለብቻው ያን አይሞላም፣ ስለዚህ የሯጮች ጄል (በትንሽ ፓኬት የሚሸጥ ወፍራም ጣፋጭ) ወይ ቴምር ያዙ። ንጹህ የኮኮናት ውሀ በአንድ ጊዜ በብዛት መጠጣት ደግሞ ሆድ ሊነፋ ሽንት ቤትም ሊያስሮጥ ይችላል፣ እየተጎነጫችሁ ሂዱ።

ጨው ያልተጨመረበት የኮኮናት ውሀ ቦታው ከሩጫ በኋላ ከምግብ ጋር ነው። ሽሮውም ምስሩም ጨው አለው፣ ስለዚህ ጎድሎ የነበረውን ሶዲየም ምግቡ ይሞላዋል፣ ለቀነሰው ለእያንዳንዱ ፓውንድ ከ20 እስከ 24 አውንስ ፈሳሽ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። እኔ ከዛ ጋር በሶ ነው የምጨምረው፣ ጨው ጣል አድርጌበት፣ አገር ቤት ሯጮች ስንት ዘመን የጠጡት ነገር ነው፣ ካርቦሃይድሬቱም ከኮኮናት ውሀ ይበልጣል ዋጋውም ይረክሳል።

የኩላሊት ችግር ያለባችሁ ወይ እንደ ሊሲኖፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድሃኒት የምትወስዱ፣ ያን ሁሉ ፖታሲየም ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ፖታሲየም ደም ውስጥ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል፣ የናንተ ሰውነት ደግሞ ትርፉን እንደ ሌላው ሰው ቶሎ ላያስወጣው ይችላል።

ስለ ፍልሰታ ደግሞ፣ ከእህል ውሀ እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ በሳምንቱ መሀል ጠዋት በሙቀት ረጅም ሮጣችሁ ሳትጠጡ አትዋሉ፣ አደገኛ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሀ መከልከል ስለሌለ ረጅሙን ሩጫ እዛ ላይ አድርጉት፣ የምታስቀድሱ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ማታ ይሁን፣ የሳምንቱን አጫጭሮች ደግሞ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ጠርሙሱንም ቀድማችሁ በጥብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ከተከፈተ በኋላ ከሁለት ቀን በላይ አታቆዩት፣ መኪና ውስጥ በሙቀት የዋለውን ድፉት።