አምስቱን ጣቶች በአንጎል ቅርፊት ላይ ለይቶ ማየት፦ የንክኪ ካርታ በኤፍኤምአርአይ

እ.ኤ.አ. በ1937 ዋይልደር ፔንፊልድና ኤድዊን ቦልድሬይ፣ በቀዶ ሕክምና ላይ ሆነው ነቅተው የሚናገሩ ሕሙማንን አንጎል በደካማ ኤሌክትሪክ እየነኩ የትኛው ነጥብ በየትኛው የአካል ክፍል ላይ ስሜት እንደሚፈጥር መዝግበዋል። ዛሬ የዚያን ካርታ የእጅ ክፍል በኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በደሙ ለውጥ በኩል በሚያሳይ የመግነጢስ ምስል) የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ከአንድ ጤነኛ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ገደማ የስካነር ጊዜ ማውጣት ይቻላል። እዚህ የተጻፈው አሠራር ለ3 ቴስላ (የመግነጢስ ጉልበት መለኪያ) ማሽን የተዘጋጀ ሲሆን ዓላማው የአንድ እጅ አምስት ጣቶች በተቃራኒው ንፍቀ አንጎል ላይ የት የት እንደሚያርፉ ማሳየት ነው። ብዙ ተመራማሪ ጊዜውን በሶፍትዌሩ ላይ ያጠፋል፤ ካርታው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀድሞ፣ በቆዳው ላይና በሰዓት አቆጣጠሩ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

የሚፈለገው ቦታ ሴንትራል ሰልከስ ከተባለው ጥልቅ ስርጉድ በስተኋላ ያለው እጥፋት ነው። በውስጡ 3ኤ፣ 3ቢ፣ 1 እና 2 የሚባሉ አራት ቀጠናዎች ከፊት ወደ ኋላ ተከታትለው ይገኛሉ። ጣቶች ይበልጥ ተለይተው የሚታዩት 3ቢ ላይ ነው፤ እሱም በስርጉዱ የኋላ ግድግዳ ላይ ተደብቆ ያለ ነው። ወደ 1 እና 2 በሄዱ ቁጥር የአንዱ ጣት ድርሻ ከሌላው ጋር እየተደራረበ ይመጣል። በአግድም ምስል ላይ ከስርጉዱ ፊት ለፊት፣ እንደ ግሪኩ ኦሜጋ ፊደል ወደ ኋላ ያበጠ ጉብታ ይፈልጉ። ጉብታው የእጅ እንቅስቃሴ ክፍል ነው፤ የእጅ ስሜት ቀጠና ስርጉዱን ተሻግሮ ከጀርባው ይገኛል። አውራ ጣት ዝቅ ብሎ የፊት ገጽ ስሜት ወደሚያርፍበት ቀጠና በኩል፣ ትንሿ ጣት ከፍ ብላ ወደ አናት በኩል ያርፋሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ የጥቂት ሚሊሜትር ስሕተት አንዱን ጣት ወደ ሌላው ይለውጠዋል።

ማሽኑ የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ እንደማይለካም አይርሱ። የሚለካው ሴይጂ ኦጋዋ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳየውን፣ ቦልድ የተባለውን፣ በደም ውስጥ ካለው የኦክስጅን መጠን ጋር የሚለዋወጥ ምልክት ነው። ምልክቱ ከንክኪው በኋላ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ዘግይቶ ከፍ ይላል፤ ለውጡም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ይህ መዘግየት በኋላ ላይ ትልቅ ወጥመድ ይሆናል።

ንክኪውን ማዘጋጀት

በአምስቱም የጣት ጫፎች ላይ አንድ አንድ ፒዬዞኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ቅርጹን በሚለውጥ ቁስ የሚሠራ) ንዝረት ሰጪ ይቀመጥ። በመግነጢስ የሚሠሩ የተለመዱ ነዛሪ ሞተሮች ወደ ስካነሩ ክፍል ጨርሶ መግባት የለባቸውም። የ3 ቴስላ መስክ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ 60,000 እጥፍ ስለሚበልጥ ብረት ያለበትን ዕቃ ነጥቆ ይወረውራል። በአየር ግፊት የሚሠሩ ቱቦዎች ከኤሌክትሪክ ጣጣ ነጻ ናቸው፤ ነገር ግን ቱቦው በረዘመ መጠን ግፊቱ ይዘገያል፣ ፈጣን ንዝረትም አያደርሱም። እነሱን የሚጠቀም ሰው መዘግየቱን በማይክሮፎን ወይም በግፊት መለኪያ ለክቶ ይመዝግብ።

የንዝረቱን ፍጥነት ወደ 30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ጊዜ) ያድርጉት። ምክንያቱ በቆዳው ውስጥ ነው። ከ5 እስከ 50 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ንዝረት በዋናነት የሚቀበሉት የማይስነር አካላት የተባሉ የንክኪ ተቀባዮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚያዳምጡት የቆዳ ስፋት ጠባብ ነው። ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ሲደርስ ግን ጥልቀት ላይ ያሉት የፓቺኒ አካላት ይረከቡታል። እነሱ ከሩቅ የመጣን ንዝረት ስለሚሰሙ በአውራ ጣት ላይ የተሰጠው ንዝረት በእጁ ውስጥ ተጉዞ የሌላውን ጣት ተቀባይ ያነሳሳል። ካርታው ላይ የሚታየው መደራረብ ያኔ ከአንጎል የመጣ ይሁን ከእጅ መለየት አይቻልም። በጣቶቹ መካከል ስፖንጅ ያስገቡ፤ የንዝረት ሰጪዎቹ መያዣም አንድ ወጥ ሰሌዳ ሳይሆን ለየጣቱ የተለያየ ይሁን።

ንዝረቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ ቆዳው ይለምደዋል፤ ስለዚህ 0.4 ሰከንድ ይስጡ፣ 0.1 ሰከንድ ያቁሙ፣ ይድገሙ። የስካነር ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ የቀዘቀዘ ጣትም ስሜቱ ይደነዝዛል። እጁን በብርድ ልብስ ሸፍነው ይጠብቁት።

ተሳታፊው ከመግባቱ በፊት በውሃ የተሞላ ፋንተም (በሰው ምትክ የሚገባ መፈተሻ ዕቃ) ስካን ያድርጉ፦ አንዴ ንዝረት ሰጪው ጠፍቶ፣ አንዴ እየሠራ። ምስሉ ላይ ብሩህ መስመሮች ከታዩ ኬብሉ የሬዲዮ ድምፅ ይዞ እየገባ ነው፤ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ማጣሪያ በኩል ይለፍ፣ መከላከያ ልባሱም ይፈተሽ። የምልክቱ ጥራት በሁለቱ ስካኖች መካከል በግልጽ ከተለያየ ሥራው ገና አልተጀመረም።

ጊዜውን ማስላት

ለጣቶች የሚሻለው ተጓዥ ማዕበል የሚባለው አሠራር ነው። አውራ ጣት 4 ሰከንድ ይነዘራል፣ ቀጥሎ ሌባ ጣት 4 ሰከንድ፣ እንዲህ እያለ እስከ ትንሿ፤ አንድ ዙር 20 ሰከንድ ይሆናል። ለትንተና 12 ዙር፣ መጀመሪያ ላይ የሚጣል 1 ዙር ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ፣ ሁለት ጊዜ ከትንሿ ወደ አውራ ጣት ይቅረጹ።

አንድ ምስል በየ2 ሰከንዱ ማንሳት የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ያ ምርጫ አደገኛ ነው። ልብ በደቂቃ 63 ጊዜ ሲመታ 1.05 ኸርዝ ይሆናል። በየ2 ሰከንዱ ናሙና የሚወስድ ማሽን ይህን ምት በትክክል ሊከተለው ስለማይችል 0.05 ኸርዝ አድርጎ ይመዘግበዋል። የእኛ የ20 ሰከንድ ዙርም ልክ 0.05 ኸርዝ ነው። በደቂቃ 57 የሚመታ ልብም እዚያው ያርፋል። በውጤቱ የደም ሥር ትርታ የጣት ምላሽ መስሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ማጣሪያ አይለየውም። ወደ 1 ሰከንድ ዝቅ ማድረግም አያድንም፤ ስሌቱ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

መፍትሔው 1.25 ሰከንድ ነው። አንድ ዙር ልክ 16 ምስል ይሆናል፤ ዙሩ በሙሉ ቁጥር መከፈሉ ለፉሪየር ትንተና (ምልክትን በድግግሞሹ ለይቶ ለሚያወጣው ስሌት) የግድ ነው። ወደ 0.05 ኸርዝ የሚገቡት የልብ ምቶች ያኔ 45፣ 51፣ 93 እና 99 ይሆናሉ፤ ጋደም ብሎ ባረፈ ሰው ላይ ከሚጠበቀው ከ60 እስከ 75 ይርቃሉ። እንዲያም ሆኖ የልብ ምቱን በጣት መቆንጠጫ፣ አተነፋፈሱን በሆድ ቀበቶ ይመዝግቡ። መቆንጠጫው የሚቀመጠው በማይነዘረው እጅ ላይ ነው።

የቀረው ቅንብር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ ቮክስል (የምስሉ ትንሿ ኩብ) 2 ሚሊሜትር በሦስቱም አቅጣጫ፣ 36 ስላይስ (የምስል ቁራጭ)፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ስላይስ የሚያነሳ መልቲባንድ፣ የኤኮ ጊዜ (ምልክቱ እስኪነበብ የሚጠበቀው) 30 ሚሊሰከንድ፣ ፍሊፕ አንግል 65 ዲግሪ አካባቢ፣ ባለ 32 ቻናል የራስ ኮይል (ራስን ከብቦ ምልክቱን የሚቀበል)። አንዱ ቀረጻ 208 ምስል ሆኖ በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያልቃል። በዚህ ላይ 1 ሚሊሜትር የሆነ የቲ1 የአካል ምስል (የአንጎሉን ቅርጽ የሚያሳይ)፣ እንዲሁም ለመዛባት ማረሚያ በተቃራኒ አቅጣጫ የተነሱ ጥቂት ምስሎች ይጨምሩ። እነዚህን ጊዜ ለመቆጠብ ብለው አይዝለሉ፤ ያለ እነሱ የጣቶቹ ምላሽ ከአካል ምስሉ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ ወደ ተሳሳተው የስርጉዱ ግድግዳ ሊያርፍ ይችላል።

በመጨረሻ አንድ የተለየ ቀረጻ ያስፈልጋል፦ እያንዳንዱ ጣት 10 ሰከንድ፣ ዕረፍትም 10 ሰከንድ፣ ስድስቱም በተቀላቀለ ቅደም ተከተል 6 ጊዜ እየተደገሙ፤ በጠቅላላው 6 ደቂቃ። ጥቅሙን ከታች ያዩታል።

ተሳታፊው

የልብ ምት አስተካካይ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ የብረት ማያያዣ፣ በዓይን ውስጥ የቀረ የብረት ቅንጣት ያለው ሰው አይገባም፤ ብየዳ የሠራ ሁሉ ስለ ዓይኑ ይጠየቅ። ከአበሻ ማኅበረሰብ የመጡ ተሳታፊዎች ሲኖሩ በተለመደው ቅጽ ላይ የማይገኙ ጥያቄዎችን ይጨምሩ፦ በማተብ ላይ የታሠረ የብረት መስቀል፣ በብረት የተለበደ ክታብ፣ በሹሩባ ውስጥ የገባ ሽቦ ወይም ዶቃ፣ ንቅሳት፣ ኩል። ማተብ ማውለቅ ለብዙ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ቀድሞ ይነገር። ክሩ ይቆያል፣ ብረቱ ብቻ ይወጣል። ወፍራም ሹሩባም ከማጅራት በኩል ራስን ከኮይሉ ስለሚያርቅ ምልክቱን ያደክማል፤ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ ጸጉር ይሻላል።

የጆሮ መሰኪያ ያስገቡ፣ ራሱን በስፖንጅ ያጽኑ። እጆቹ እርስ በርስም ሆነ ከጭኑ ጋር ቆዳ ለቆዳ እንዳይነካኩ፣ ኬብልም ተጠምዝዞ በሰውነቱ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ ሁለቱም ያቃጥላሉ። ትኩረት ምላሹን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ ሥራ ይስጡት፦ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ደካማ ንዝረት በልቡ ይቁጠር፣ ቁጥሩን በቀረጻው መጨረሻ ይናገር። በማይነዘረው እጅ እንኳ ቁልፍ አያስጫኑት፤ እንቅስቃሴ ካርታውን ይበክላል። ትእዛዙን በሚገባው ቋንቋ ይንገሩት፤ የተሰጠውን መመሪያ በግማሽ የተረዳ ሰው ጣቱን ሳያውቀው ወደ ንዝረት ሰጪው ይጫናል።

ትንተናው

የራስ እንቅስቃሴን ያርሙ፣ መዛባቱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ምስሉን ፍሪሰርፈር የተባለው ሶፍትዌር በሚሠራው የአንጎል ገጽ ላይ ያሳርፉት። ከምስል ወደ ምስል ከ0.5 ሚሊሜትር በላይ የተንቀሳቀሰ ራስ በተደጋጋሚ ከታየ ቀረጻውን ይድገሙ እንጂ ለማዳን አይታገሉ። ለሌላ ጥናት የተለመደውን የ8 ሚሊሜትር ማለስለሻ እዚህ መጠቀም ጎረቤት ጣቶችን ይቀላቅላል፤ ጨርሶ አለማለስለስ፣ ወይም ገጹን ተከትሎ እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ ይበቃል።

አሁን የመዘግየቱ ወጥመድ ይመጣል። 20 ሰከንድ 360 ዲግሪ ሲሆን አንድ ጣት 72 ዲግሪ ይይዛል። የ5 ሰከንድ መዘግየት 90 ዲግሪ ስለሆነ ሳይታረም ከቀረ አውራ ጣት ሌባ ጣት መስሎ ይታያል፣ ሌሎቹም ተከትለው ይንሸራተታሉ። ለዚህ ነው ሁለቱን አቅጣጫዎች የቀረጽነው። በመጀመሪያ ሁሉንም ቀረጻ በ4 ምስል፣ ማለትም በ5 ሰከንድ፣ ወደ ቀደመው ጊዜ ይሳቡ። ከዚያ ከትንሿ ጣት የጀመሩትን ቀረጻዎች ጊዜ ይገልብጡና ከሌሎቹ ጋር አማካዩን ያውጡ። የቀረው ትንሽ ስሕተት በአንዱ ላይ በመደመር፣ በሌላው ላይ በመቀነስ ስለሚገባ ይጠፋፋል። ሳይስቡ ቢገለብጡ ግን አንዱ በ90 ዲግሪ ወደዚህ፣ ሌላው በ90 ዲግሪ ወደዚያ ስለሚሆን አማካዩ ዜሮ ይሆናል፤ ጤናማ ውሂብ ባዶ ካርታ ሲሰጥ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። የብዙ ነጥቦችን ፌዝ (በዙሩ ውስጥ ያለ ቦታ፣ በዲግሪ) አማካይ ሲያወጡም በክብ ስሌት ይሁን፤ 350 እና 10 ዲግሪ በተራ ስሌት 180 ይሰጣሉ።

ተጓዥ ማዕበል እያንዳንዱን ነጥብ ለአንድ ጣት አሸናፊነት ስለሚሰጥ ሁልጊዜ ያማረ፣ በቀለም የተደረደረ ካርታ ያወጣል። ውበቱን አይመኑት። ተለይቶ የተቀረጸውን የ6 ደቂቃ ውሂብ ወስደው በካርታው የአውራ ጣት ክልል ውስጥ ከፍተኛውን ምላሽ የሚሰጠው በእርግጥ አውራ ጣት መሆኑን ይፈትሹ፣ ለአምስቱም እንዲሁ። ክልሉን የመረጡበትን ውሂብ ራሱን ለፈተና መጠቀም ክብ ውስጥ መሽከርከር ነው፤ መልሱ ምንጊዜም አዎ ይሆናል። መላ አንጎልን የሚፈትሹ ከሆነ ደግሞ የክላስተር (አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ንቁ ነጥቦች ስብስብ) መነሻ ገደቡ ከ0.001 የላላ አይሁን። አንደርስ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት የላላ ገደብ የሐሰት ግኝትን 5 በመቶ ከተባለበት እስከ 70 በመቶ ያደርሰዋል።

ምላሹ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነና ከጎረቤቶቹ ዘግይቶ ከመጣ በስርጉዱ ውስጥ የሚያልፍ ትልቅ ደም መላሽ ሥር ነው፤ ከካርታው ያውጡት። ከስርጉዱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይም ተመሳሳይ የጣት ቅደም ተከተል ከታየ የእንቅስቃሴ ክፍል ግኝት ብለው አይቸኩሉ። የ2 ሚሊሜትር ቮክስል ሁለቱንም ግድግዳ አንድ ላይ ሊይዝ ይችላልና። የሰዎች አንጎል እጥፋት ስለሚለያይ ካርታውን በየሰው አንጎል ላይ ለብቻ ያንብቡ፤ የአሥር ሰዎችን ካርታ አስቀድሞ ማቀላቀል ጣቶቹን ያጠፋቸዋል።

ያለው ማሽን ለሕክምና የተተከለ 1.5 ቴስላ ብቻ ከሆነም ሥራው አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1992 ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የሰው ጥናቶች የተወሰኑት በዚያ ጉልበት ነው የተሠሩት። ተጓዥ ማዕበሉን ይተዉት፤ 20 ሰከንድ ንዝረት፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት ያለው ብሎክ ይጠቀሙ፣ ቮክስሉን ወደ 3 ሚሊሜትር፣ የኤኮ ጊዜውን ወደ 50 ሚሊሰከንድ ያሳድጉ፣ የቀረጻውን ቁጥር በእጥፍ ያድርጉ። አምስቱን መለየት ስለሚከብድ ተራርቀው ያሉትን አውራ ጣትንና ትንሿን ብቻ ያነጻጽሩ።