የትሮምቦን መምህር ስትፈልጉ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

«የትሮምቦን አስተማሪ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ከአዲስ መጤ ወገኖች ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ የሚያሳዝነው ግን አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ መሣሪያውን ከገዙና የመንፈቅ ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ መሆኑ ነው። አንዴ ጽፌ ብገላገል ይሻላል።

መምህር የሚፈለገው ትሮምቦን በሚነፋበት ቦታ ነው። የሙዚቃ ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ በአቅራቢያችሁ ካለ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ የኦርኬስትራ ነፊዎችም ብዙ ጊዜ በግል ያስተምራሉ። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ይበቃል፤ ክፍያውም ቀለል ይላል። ከሁሉም የሚቀለው ግን የአማተር ባንድ ልምምድ ላይ ተገኝቶ በእረፍት ሰዓት ከትሮምቦን ነፊዎቹ አንዱን ማነጋገር ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ትቼ «የናስ መሣሪያዎች መምህር አለን» ወዳለኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድሁ። ሠራተኛዋ ቆማ እየጠበቀችኝ ስለነበር ይሉኝታ ያዘኝና አራት ገጽ ውል ሳላነብ ፈረምሁ። መምህሩ ትራምፔት ነፊ ኖሯል፤ ትሮምቦን አንስቶ ሲነፋ አንድም ቀን አላየሁም። ትራምፔት ላይ ጣት ቫልቭ (የአየሩን መንገድ የሚቀይር ቁልፍ) ሲጫን ቱቦው በተወሰነ ልክ ይረዝማል፤ የትሮምቦን ስላይድ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ቱቦ) ግን ሰባት ማቆሚያ ቦታዎች ቢኖሩትም አንድም ምልክት የለበትም። አራተኛው ቦታ ከመሣሪያው ሰፊ አፍ ጥቂት አለፍ ብሎ እንደሚገኝ ክንድ ይለምደዋል፤ ልኩን የሚፈርደው ግን ጆሮ ነው። የእኔ መምህር በስላይዱ ውስጠኛ ቱቦ ላይ በማርከር ሰባት መስመር አሰመረልኝ። በሳምንቱ የስላይዱ ቅባት መስመሮቹን አጠፋቸው፤ እሱም ሳይሰለች እንደገና አሰመረ። መሣሪያው ሲሞቅ ድምፁ ከፍ እንደሚልና መስመሮቹ ቢኖሩም እንደማይጠቅሙ የነገረኝ አልነበረም። በዚያ ላይ ራሱ የለመደውን ትሬብል ክሌፍ (የከፍተኛ ድምፆች የኖታ አጻጻፍ) ብቻ ስላስተማረኝ፣ ከወራት በኋላ አንድ ባንድ ውስጥ ገብቼ ለዝቅተኛ ድምፆች በሚያገለግለው በቤዝ ክሌፍ የተጻፈ ወረቀት ሲሰጠኝ የመጀመሪያውን ኖታ እንኳ ማንበብ አቃተኝ።

ላቋርጥ ስል ደግሞ ጣጣው መጣ። ማቋረጥ የሚቻለው መንፈቁ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ሲያመለክቱ ብቻ እንደሆነ ውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያንኑ ቅጽ ሁለት ጊዜ አስሞልተውኝ ሲያበቁ «ቀኑ አልፏል» አሉኝ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ ነው አልልም፤ ሳያነብ የፈረመ ሰው ማንን ይከሳል?

ስለዚህ አንድ የሙከራ ትምህርት ሳትወስዱ አትክፈሉ፤ መምህሩም ትሮምቦን ይዞ አንድ ስኬል (በተርታ የሚወጡና የሚወርዱ ኖታዎች) እንዲነፋላችሁ ጠይቁት። በዚህ የሚቀየም መምህር ይቅርባችሁ። የቀረ ትምህርት ይካካስ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግና ክፍያው በወር ይሁን በመንፈቅ በጽሑፍ ያዙ።

መሣሪያውን ለመጀመሪያው ዓመት ተከራዩ እንጂ አትግዙ፤ ለጀማሪ የሚሆነው ቴነር ትሮምቦን የሚባለው የተለመደው ዓይነት ነው። ክንዱ አጭር የሆነ ልጅ ሰባተኛው ቦታ ላይ ባይደርስ አትደንግጡ፤ ቁመቱ ሲጨምር ይደርስበታል። የኤፍ ቫልቭ (በግራ አውራ ጣት የሚሠራ ተጨማሪ ቱቦ መክፈቻ) ያለውን ከባድ መሣሪያ ደግሞ መምህሩ ሳያይ ለልጅ አትከራዩ፤ ክብደቱ ግራ እጅን ያዝላል። አፓርታማ የምትኖሩ ድምፅን የሚያፍነውን የልምምድ መክደኛ («ሚዩት») ካልያዛችሁ ጎረቤት በር ያንኳኳል።

በኢንተርኔት ልማር የሚሉኝም አሉ። እኔ ለጀማሪ አልመክርም፤ የግንኙነት መስመሩ ረጅም ድምፅን እየቆራረጠ ስለሚያሳልፈው መምህሩ በትክክል አይሰማችሁም። አሁን የምታስተምረኝ ሴት በመጀመሪያው ቀን ያደረገችው ነገር በስክሪን የሚሆን አልነበረም፤ ከጎኔ ቆማ ቢ ፍላት የሚባለውን ኖታ ነፋች፣ ዐይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝና የእኔ ድምፅ ከእሷ ጋር እስኪገጥም ድረስ ስላይዱን በጆሮዬ ብቻ አስፈለገችኝ።