ጥንታዊቷን ሮም በእግር እንዴት እንደሚጎበኙ

ሮምን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ መንገደኛ ያለ ቅደም ተከተል ከአንዱ ቅርስ ወደ ሌላው ሲሯሯጥ ቀኑ ይመሽበታል። ጥንታዊው የከተማዋ ክፍል በእግር የሚዳረስ በመሆኑ፣ መንገዱን አስቀድሞ ላሰበበት ሰው አንድ ሙሉ ቀንና የማግስቱ ጠዋት ይበቃዋል።

ከሁሉ በፊት ትኬት ይቁረጡ። የኮሎሲየም፣ ማለትም የጥንቱ ታላቅ የትርዒት ስታዲየም፣ ትኬት በስም የሚቆረጥና በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ፣ ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብለው መግዛትና በዕለቱ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ሻንጣም ሆነ የመስታወት ጠርሙስ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ስለ ውኃ ግን አይስጉ፤ ሮማውያን ናሶኒ የሚሏቸው የብረት ቦኖዎች በየመንገዱ አሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ስለሚፈነጥቅ፣ ብዙም ሳይጎነበሱ መጠጣት ይቻላል።

ጠዋት ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በሜትሮ ቢ መስመር ተሳፍረው ሁለተኛው ፌርማታ ኮሎሴዎ ላይ ይውረዱ። ኮሎሲየምን ንጉሠ ነገሥት ቨስፓስያን አስጀምሮት ልጁ ጥጦስ እ.ኤ.አ. በ80 መርቆታል። ከመግባትዎ በፊት በስተሰሜን ባለው ረጅሙ ግድግዳ በኩል ቆመው ከቅስቶቹ በላይ የተቀረጹትን የሮማውያን ቁጥሮች ይፈልጉ፤ ተመልካቹ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያውቀው በእነዚህ ቁጥሮች ነበር። የደቡቡ ውጫዊ ግድግዳ እ.ኤ.አ. በ1349 በደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ ድንጋዩ ለሌሎች ሕንፃዎች ስለዋለ፣ ሁለቱ ወገኖች በቁመት አይመሳሰሉም።

በዚያው ትኬት የጥንቷ ከተማ ዋና አደባባይ ወደነበረው የሮማውያን ፎረም ይለፉ። እዚህ ጊዜ አይቆጥቡ፤ በእኔ እምነት ከኮሎሲየም ይልቅ የጥንቱን ሕይወት የሚያሳየው ይህ ስፍራ ነው። በጥጦስ ቅስት ሥር ቆመው የውስጡን ግድግዳ ሲመለከቱ፣ እ.ኤ.አ. በ70 ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈውን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ ወታደሮች ተሸክመው ሲያልፉ ተቀርጾ ያገኙታል። ከዚያ ቪያ ሳክራ በተባለው ጥንታዊ ጎዳና ቁልቁል ይውረዱ፤ ድንጋዩ ወጣ ገባና የሚያንሸራትት ስለሆነ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። የንጉሠ ነገሥት አንቶኒኖስና የሚስቱ የፋውስቲና ቤተ መቅደስ ዘግይቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለውጧል፤ በሩ ዛሬ ከደረጃው በላይ ተንጠልጥሎ መታየቱ፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አፈሩ እስከ የት ደርሶ እንደነበር ይመሰክራል። የፓላቲኖን ኮረብታ በመጨረሻ ይውጡ፤ ፎረሙ በሙሉ ከላይ ይታያል።

ከኮረብታው ወርደው በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ወደ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ ሲጓዙ የፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። ብዙ ጎብኚ ሳያስተውለው ያልፋል፤ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ቆም ሊልበት ይገባል። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በፋሽስቱ ወረራ ዘመን ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1937 የቆመው እዚህ ነበር፤ ጎኑ ያለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃም መጀመሪያ የታሰበው ለቅኝ ግዛት ጉዳዮች ሚኒስቴር ነበር። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል የተዘረፉ ቅርሶችን ለመመለስ ብትገደድም፣ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አክሱም የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም ቆሟል። የአክሱምን ሐውልት በአገሩ ያየ ሰው በዚህ አደባባይ ሲቆም የሚሰማው ስሜት በየትኛውም የጉብኝት መጽሐፍ አይገኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ ሳይበዛ የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ወደነበረው ፓንቴዮን ይሂዱ። በግንባሩ የመጀመሪያውን ሕንፃ ያሠራው የአግሪጳ ስም ቢጻፍም፣ ዛሬ የምናየውን ሕንፃ የሠራው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ነው። የጉልላቱ ስፋትና ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለው ከፍታ እኩል 43 ሜትር ያህል ናቸው፤ ሠሪዎቹ ኮንክሪቱን ከታች ከባድ፣ ወደ ላይ ግን ቀላል ድንጋይ እየቀላቀሉ ስላወጡት ያለ ብረት ዘንግ እስከ ዛሬ ጸንቷል። እ.ኤ.አ. ከ609 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ዝናብ የጣለበት ቀን ካጋጠመዎት ጉብኝቱን ለሌላ ቀን አያስተላልፉ፤ ውኃው ክፍት በሆነው የጉልላቱ ዓይን ገብቶ መሃል ላይ ከፍ ባለው ወለል እየተንሸራተተ በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ሲሰርግ በቅርብ ሊያዩት ይችላሉ።