ቦሎቄ በረመጥ

ቤክድ ቢንስን፣ ያንን በጣፋጭ ስልስ በቆርቆሮ የሚታሸገውን የፈረንጅ ቦሎቄ፣ መጀመሪያ ያየሁት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ቁርስ ሳስተናግድ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶች ከእንቁላልና ከዳቦ ጋር ይወዱት ነበር። ቆርቆሮውን እከፍታለሁ፣ አሞቃለሁ፣ አቀርባለሁ። አንድ ቀን ቀመስኩት። ይጣፍጣል፣ ግን ቦሎቄ ቦሎቄ አይልም። ከስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄያችን ለውጭ የቆርቆሮ ፋብሪካዎች እንደሚላክ ስሰማ ደግሞ ቆጨኝ። ፍሬው የኛ ነው፣ ሸክላው አለ፣ ሰናፍጩ አለ። ለምን ቤቴ አልሠራውም?

የቆርቆሮው ከመምጣቱ በፊት ይህ ምግብ የትዕግሥት ምግብ ነበር። አሜሪካ፣ ኒው ኢንግላንድ የሚባለው አካባቢ፣ ሰዎች በሰንበት ላለመሥራት ከዋዜማው ጥደው በቀስታ ያበስሉት ነበር፤ በአሳማ ሥጋና ሞላሰስ በሚባለው፣ ከስኳር ምርት በሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ። እኔ የምሠራው የጾም ነው። ሥጋው ቀርቶበትም ምንም አይጎድለው።

ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ ይበቃል። ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። «እትዬ፣ የዘንድሮ ነው የአምና?» እላለሁ። «የዘንድሮ ነው ልጄ፣ ይኸው እዪው» ብለው እፍኝ ሙሉ መዳፌ ላይ ያፈሱልኛል። አዲሱ ያብለጨልጫል፣ ቆዳው የተወጠረ ነው። የቆየው ይደበዝዛል፣ ይጨማደዳል። የቆየ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም ልቡ አይበስልም፣ ስለዚህ ረከሰ ብላችሁ አትግዙት።

ማታ ልቀሙት፣ እጠቡት፣ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ጨው ያጠነክረዋል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። በእኔ እጅ ግን ቆዳውን ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠነክረውም። ጠዋት ውሃውን ድፉና በአዲስ ውሃ ጣዱት።

አሁን የምለውን አደራ እንዳታልፉት። መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። መርዙ የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። ጥሬውን በቀጥታ ረመጥ ላይ ማስቀመጥ ለብ ባለ ሙቀት መርዙን ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው።

ከዚያ እሳቱን ቀንሱለት። የውጭ አሠራሮች አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል ይላሉ። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ስጡት። መድረሱን በሰዓት አትለኩት። በማንኪያ ሁለት ሦስት ፍሬ አውጡና እፍ በሉበት። ቆዳው ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ከተጠቀለለ ደርሷል።

እስከዚያ ድረስ ቲማቲም እንዳይነካው። አንድ የፍልሰታ ጾም እንግዳ ጠርቼ ጊዜ ለመቆጠብ ሁሉንም አንድ ላይ ጣድኩት። አምስት ሰዓት ፈላ። ወጡ አምሯል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ፍሬው ግን ጥርስ ላይ ጠጠር ነው። እንግዶቼ ዳቦና ሻይ ቀምሰው ሄዱ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ፍሬው እንዳይለሰልስ አጥብቆ ይይዘዋል። ስኳርም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም የሚገቡት ፍሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው።

ለምግብ የሚሆን ሞላሰስ ገበያ ላይ አላገኘሁም። በምትኩ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር በደረቅ ብረት ድስት አቀልጣለሁ። መጀመሪያ ወርቅማ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ጠጅ ይቀላል። ሊጠቁር ሲል፣ ትንሽ መረር ያለ ሽታ ሲመጣ፣ የቦሎቄውን መቀቀያ ውሃ በጭልፋ እጨምርበታለሁ። በኃይል ይንጣጣልና ፊታችሁን አርቁ። ቡናማውን መልክና ያችን ትንሽ ምሬት የሚሰጠው ይኸው ነው።

ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ጨምሩ። የተቃጠለውን ስኳር ቀላቅሉበት። በርበሬ ከፈለጋችሁ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ወጥ ሆነ ማለት ነው። የተፈጨ ሰናፍጭ አንድ የሻይ ማንኪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሊወጣ ሲል ጨምሩት። እሳት ላይ የቆየ ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ የሚወጣ ኃይሉ ይጠፋል።

የእኔ ድስት ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የገዛሁት ሸክላ ነው። አዲስ ከሆነ በጎመን ዘር አሟሹት። ቦሎቄውንና ስልሱን ገልብጡበት። የመቀቀያው ውሃ ፍሬውን አንድ ጣት ያህል ይሸፍነው። ከሰሉ ነዶ አመድ ሲለብስ ጣዱትና ዙሪያውን በረመጥ ዳፍኑት። በብረት ክዳን ከድናችሁ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ፍም አድርጉበት። ሙቀቱ ከላይም ከታችም ሲገናኝ ነው ፊቱ የሚጋገረው።

ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ወይም ክፍት ማድ ቤት ውስጥ አድርጉት። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር አይታይም፣ ሰው ግን ይገድላል። ብርድ ነው ብላችሁ ማንደጃውን ይዛችሁ መኝታ ቤት እንዳትገቡ።

አራት ሰዓት ይቆይ። በየሰዓቱ ክፈቱት። ከደረቀ ሙቅ ውሃ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ ሸክላው ይሰነጠቃል። አታማስሉት፣ ፍሬው ይፈርሳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መቀቀል ከጀመራችሁ ለሰባት ሰዓት ምሳ ይደርሳል። የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ክዳኑን አንሱለት፣ ስልሱ ወፍሮ ፍሬውን ይለብሳል።

እኛ ቤት በድፎ ዳቦ ነው የሚበላው። የተረፈው በማግስቱ ይብስ ይጣፍጣል። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ስታሞቁት ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ድስቱ ጠርዝ ላይ የያዘውን ቅርፊት ደግሞ ልጆቼ ይሻሙበታል፣ እናንተም ፈቅፍቃችሁ ብሉት።